የአዙዛው በረት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ አሜሪካ ምድር ላይ የሆነ ነገር ነው፤ ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

1906 ገና መግባቱ ነው። ቦታው ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ። በአንድ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጣል። አስተማሪው ቻርልስ ፓርሃም የሚባል ነጭ ሰባኪ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይዘው የሚማሩትም ነጮች ናቸው። ከክፍሉ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ገርበብ ተደርጎለት ጆሮውን ወደ ውስጥ የጣለ አንድ ጥቁር ሰው ተቀምጧል። ዕድሜው 35 ነው። የግራ ዓይኑ አያይም፤ ፈንጣጣ ወስዶበታል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል አይማሩም፤ ሕጉም ልማዱም አይፈቅድም። አስተማሪው ሕጉን አልተጋፋም፤ ሰውየውንም ፈጽሞ አልመለሰውም። በሩን ከፈት አደረገና ከውጪ ሆነህ ስማ አለው። ሰውየውም ሰማ።

ይህ ሰው ዊሊያም ጆሴፍ ሲሞር ይባላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ሜክሲኳዊውም፣ ቻይናዊውም በአንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የተቀመጠበት ጉባኤ መሪ ሆነ። እኔም ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለዚያ ጉባኤ ነው፦ ምን ሰበሰበው፣ ከተሰበሰበ በኋላስ ምን በተነው?

ሲሞር የተወለደው በ1870 ሉዊዚያና ውስጥ ሴንተርቪል በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሳይመንም እናቱ ፊሊስም ባሮች ሆነው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ነፃነታቸውን ያገኙት እሱ ከመወለዱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ደቡቡን ትቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ በአስተናጋጅነት እየሠራ ኖረ፣ ቀጥሎም ሲንሲናቲ ገባ። ፈንጣጣው የያዘው ያን ጊዜ ነው። ከአልጋው ሲነሣ አንድ ዓይኑን አጥቶ ነበር፤ የእግዚአብሔርን ጥሪ እምቢ ማለቱን ግን ተወ፤ ለማገልገል ቆረጠ።

ኋላም ወደ ሂዩስተን ወረደና ሉሲ ፋሮው ከምትባል እናት ጋር ተዋወቀ። ይህቺ ሴት በባርነት የተወለደች፣ የታላቁ የነፃነት ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ እንደሆነች የሚነገርላት፣ ኋላም የአንዲት ትንሽ ጉባኤ መጋቢ የነበረች ናት። ከፓርሃም ጋር ያገናኘችውም እሷ ናት። ፓርሃም በመንፈስ ቅዱስ የተጠመቀ ሰው ምልክቱ በልሳን፣ ማለትም ባልተማረው ቋንቋ፣ መናገር ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሲሞር ይህን ትምህርት ከኮሪደር ሆኖ ተማረው፣ አመነውም፤ እሱ ራሱ ግን ገና በልሳን አልተናገረም።

ከዚያ ከሎስ አንጀለስ ጥሪ መጣ። ሂዩስተንን ስትጎበኝ ያየችው አንዲት እህት ለጉባኤዋ ነገረች፤ ያቺ ትንሽ የጥቁሮች ጉባኤም ናና አገልግለን አለችው። ፓርሃም ሲሞርን የፈለገው እዚያው ሂዩስተን በጥቁሮች መካከል እንዲሠራ ነበር፤ ሲሞር ግን ባቡር ተሳፍሮ የካቲት 22 ቀን 1906 ሎስ አንጀለስ ገባ።

ሎስ አንጀለስ ያን ጊዜ በፍጥነት የምታድግ ከተማ ናት። በ1900 ከመቶ ሺሕ ብዙም ያልዘለለ ሰው የሚኖርባት፣ በ1910 ከ300 ሺሕ በላይ ሆናለች። ከምሥራቁ ነጩ፣ ከደቡቡ ጥቁሩ፣ ከድንበር ማዶ ሜክሲኳዊው፣ ከባሕር ማዶ ጃፓናዊው፣ ቻይናዊው፣ አርመኑና ሩሲያዊው ይጎርፋል። ሁሉም በአንድ ገበያ ይሸምታል፣ በአንድ መንገድ ይተላለፋል፤ እሑድ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ወደየመሰሉ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ጥቁርና ነጭ ለየብቻ ቢሆኑ ሕጋዊ ነው ብሎ ከፈረደ ገና 10 ዓመቱ ነው።

ሲሞር በተጠራበት ጉባኤ ሰበከ። ስለ ልሳን ሰበከ። ተመልሶ ሲመጣ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው! ትምህርትህ ልክ አይደለም ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ አገሩ አይደለም፣ ዘመድ የለውም፣ የመመለሻ ገንዘብ የለውም። ኤድዋርድ ሊ የሚባል የባንክ ጽዳት ሠራተኛ ቤቱ አስገባው። ሰውየው ሀብታም ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሜዳ ላይ አይወድቅም ብሎ ነው። ሲሞር እዚያ ተቀመጠና መጸለይ ጀመረ። ጎረቤት መጣ፣ ጽዳት ሠራተኛው፣ አጣቢዋ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ ተሰበሰቡ። ቤቱ ሲጠብ ጸሎቱ በቦኒ ብሬ ጎዳና ወደሚገኘው ወደ ሪቻርድና ሩት አዝበሪ ቤት ተዛወረ።

ሚያዝያ 9 ቀን ማታ ኤድዋርድ ሊ በልሳን ተናገረ። አብራ ትጸልይ የነበረችው ጄኒ ሙርም ተከተለች፤ ሌሎችም እንዲሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲሞር ራሱ ተቀበለ። ወሬው በሰፈሩ እንደ ሰደድ እሳት ሆነ። ሰው ከቤት ተርፎ በረንዳውን ሞላ፣ ከበረንዳው ተርፎ መንገዱን ሞላ፤ በረንዳው ክብደቱን አልቻለምና ተደረመሰ። ማንም አልተጎዳም፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ግን ግድ ሆነ።

ያገኙት ቦታ ነው እንግዲህ አዙዛ ጎዳና፣ ቁጥር 312።

ቤቱን ላሳያችሁ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ በኖራ የተቀባ፣ ወርዱ 12 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል። ድሮ የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ምእመኑ ሌላ ሠርቶ ሲወጣ ላዩ የኪራይ ክፍሎች ሆነ፤ ምድር ቤቱ የፈረስ በረትና የዕቃ መጋዘን ሆነ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ፍጉን ጠረጉ፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራና ጭድ ጎዘጎዙ። መቀመጫ የለም፤ ባዶ የምስማር በርሜሎችን አስቀምጠው ጣውላ አጋደሙባቸው። መድረክ የለም፤ አግዳሚዎቹ መሐሉን ከበው ተሠርተዋል። ሰባኪው የሚቆምበት አትሮንስ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ሁለት የጫማ ማሸጊያ የእንጨት ሣጥኖች ናቸው። በረት ውስጥ የተወለደውን ጌታ ለሚያመልክ ሰው በረት ነውር አይደለም፤ ገቡበት።

ስብሰባው በቀን ሦስት ጊዜ ነበር፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ። ብዙ ጊዜ ግን የጠዋቱ ሳያልቅ የቀትሩ ይደርሳል፣ የማታው እኩለ ሌሊትን ይሻገራል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ዘለቀ። መባ የሚሰበስብ ሰው አይዞርም፤ በሩ አጠገብ አንድ ሣጥን አለ፣ የወደደ ይጥላል። የተጻፈ መርሐ ግብር የለም። አንዱ ይዘምራል፣ አንዷ ትመሰክራለች፣ አንዱ በግንባሩ ተደፍቶ ያለቅሳል። መሪው የት አለ ብትሉ፣ ከእነዚያ ሁለት ሣጥኖች ኋላ ነው። ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን የላይኛው ሣጥን ውስጥ ከትቶ ይጸልያል። ከሩቅ አገር ባቡር ቀይሮ የመጣ ሰው ታላቁን ሰባኪ ለማየት ቢቋምጥ፣ የሚያየው ያጎነበሰ ጀርባ ነው። ሲነሣ ጥቂት ይናገራል፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይጮኽ ሰው ነበር።

ይህን ነገር ልብ ብላችሁ ያዙልኝ። ከፍ ያለ መድረክ ስላልነበረ ከሌላው ከፍ ብሎ የሚታይ ሰው አልነበረም። ነጭ ፓስተር ቢመጣ የሚዘጋጅለት የክብር ወንበር የለም። ምስክርነት ለመስጠት የሚጠየቀው ማዕረግ አይደለም። ሰኞ ጠዋት የነጮቹን ልብስ የምታጥበው ሴት፣ ማታ ላይ በነጩ ፓስተር ራስ ላይ እጇን ጭና ትጸልያለች። ለአገልግሎት የሚወጡትን የሚመረምረው የ12 ሰዎች ኮሚቴ ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ነበር። አቡንዲዮና ሮሳ ሎፔዝ የሚባሉ ሜክሲኳውያን ባልና ሚስት ስፓኒሽ ተናጋሪውን ያገለግሉ ነበር። ፍራንክ ባርትልማን የሚባል ነጭ ጸሐፊ፣ በዚያ ቤት የቀለም ድንበር በክርስቶስ ደም ታጥቦ እንደጠፋ መሰከረ።

ከተማው ምን አለ? አንድ የሎስ አንጀለስ ዕለታዊ ጋዜጣ ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ስለ እነሱ ጻፈ፤ ለማላገጥ ነበር። ቋንቋ እንደተደበላለቀበት የባቢሎን ግንብ አድርጎ ሣላቸው፤ የጥቁርና የነጭ መቀላቀል ለጋዜጠኛው የበለጠ አስደንጋጭ እንደነበር አጻጻፉ ያሳብቃል። በዚያው ዕለት ማለዳ ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደመች። ሰው ፈራ፤ የፈራም ያልፈራም፣ ሊጸልይም ሊስቅም የፈለገ አዙዛን አጥለቀለቀው። በመስከረም የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመሩ፤ ከ5 ሺሕ ቅጂ ተነሥቶ 50 ሺሕ ደረሰ ይባላል። በነፃ ነበር የሚታደለው።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ጋስተን ካሽዌል ይባላል። ከሰሜን ካሮላይና፣ ደን ከምትባል ከተማ የመጣ ነጭ ሰባኪ ነው። ስለ አዙዛ ሰማ። መንፈሳዊ ረሃብ አለበት፤ በ1906 መጨረሻ ገደማ አገር ለአገር አቋርጦ በባቡር ቀናት ተጉዞ መጣ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አየ። ጉባኤውን የሚመራው ጥቁር ነው። ጸሎቱ ሲጋጋል አንድ ወጣት ጥቁር ተጠጋና እጁን ራሱ ላይ ሊጭን ዘረጋ።

ካሽዌል ደነገጠ። ያደገበት አገር፣ እናቱና አባቱ፣ ሰፈሩና ቤተ ክርስቲያኑ ያስተማሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገነፈለበት። የጥቁር እጅ በእኔ ራስ ላይ! ተነሥቶ ወደ ማረፊያው ሄደ።

ያን ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ካሽዌል ራሱ ኋላ ሲመሰክር፣ ለብዙ ነገር መሞት ነበረብኝ ብሏል። የመጣው ኃይል ፍለጋ ነበር፤ የተጠየቀው ትዕቢቱን ነው። በልሳን ለመናገር የመጣ ሰው፣ ቀድሞ አፉን መክፈት ያለበት ይቅርታ ለመለመን ሆነ። በቀጣዩ ቀን ተመለሰና ሲሞርንና ጥቁር ወንድሞችን እጃችሁን ጫኑብኝ፣ ጸልዩልኝ ብሎ ለመነ። ጸለዩለት፤ የፈለገውንም ተቀበለ። ነገሩ እዚህ አላበቃም። የአዙዛ ሰዎች፣ ራሳቸው እጅ አጠር የሆኑት፣ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ሙሉ ልብስ ገዙለት፣ የመመለሻውንም ትኬት ቆረጡለት ይባላል። ካሽዌል አገሩ ገብቶ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ዕለት ደን ውስጥ በአንድ የትምባሆ መጋዘን ስብከት ጀመረ። የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የዚያ መጋዘን ልጆች ናቸው።

መንፈሳዊ ዕድገት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጾም ቀን መጨመርን፣ የጸሎት ሰዓት ማስረዘምን፣ ጥቅስ በቃል መያዝን ነው። ሁሉም ይጠቅማል። ካሽዌል ግን ጸሎትም ጥቅስም የጎደለው ሰው አልነበረም፤ ዓመታት ሰብኳል። እዚያ በረት ውስጥ የተፈተነው፣ በዓለም ሚዛን ከእሱ በታች ከተቀመጠ ሰው በረከት ለመቀበል ራሱን ዝቅ ማድረግ ይችል እንደሆነ ነው። ለድኻ መስጠት ብዙ ክርስቲያን ይችላል። ከድኻ መቀበል ነው ጉልበት የሚፈልገው።

ይህን ፈተና ያላለፈ ሰውም ነበር። በኮሪደር ያስተማረውን ፓርሃምን ታስታውሱታላችሁ? ሲሞር አባቴ ነው ብሎ አክብሮ ጋብዞት ነበር። ፓርሃም በጥቅምት 1906 መጣ። ገብቶ ያየው ዘገነነው። ነጭ ሴት ከጥቁር ወንድ ጎን ተንበርክካ ስትጸልይ ማየት አልቻለም፤ በንቀት ተናገረ፣ አስተዳደሩን እኔ ልያዝ፣ ሥርዓት ላስገባ አለ። የጉባኤው ሽማግሌዎች እዚህ አትፈለግም አሉት። ወጥቶ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የራሱን ስብሰባ ከፈተ፤ ብዙም አልቆየ። በኋለኛ ዓመታቱ የነጭ ዘረኞቹን ማኅበር ኩ ክላክስ ክላንን እስከማሞገስ ደርሷል። እንግዲህ ሁለቱንም አስተያዩአቸው፤ አስተማሪው ትምህርቱን ያውቃል፣ ተማሪው ኖረው። ሲሞር ከዚህ በኋላ አሳቡን እያጠራ ሄደ። ልሳን የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ መሆኑን አልካደም፤ ፍቅር የሌለበት ልሳን ግን ማስረጃ እንደማይሆን፣ የመንፈሱ እውነተኛ ምልክት ፍቅር እንደሆነ ማስተማር ያዘ። በልሳን የሚናገር ሰው ወንድሙን ሲንቅ በዓይኑ አይቷላ!

እዚህ ላይ ትረካዬን ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሆነውን ልንገራችሁ ብያለሁ።

በግንቦት 1908 ሲሞር ያቺን ጄኒ ሙርን አገባ። ጋብቻው ያላስደሰታቸው አገልጋዮች ነበሩ። የጋዜጣው አዘጋጅ ክላራ ላም ወደ ፖርትላንድ ሄደች፤ ጋዜጣውና የአንባቢዎቹ የአድራሻ መዝገብም ወደዚያው ዞረ። ያን ጊዜ ስልክ በየቤቱ የለም፣ ራዲዮ የለም፤ አዙዛን ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ያ መዝገብ ብቻ ነበር። ሲሞር በአንድ ቀን ድምፁን ያጣ ሰው ሆነ።

በ1911 ዊሊያም ዱራም የሚባል ነጭ ሰባኪ ከቺካጎ መጣ። እሱም ቀድሞ አዙዛ ላይ የተባረከ ሰው ነው። ሲሞር ለስብከት ሌላ አገር ሄዶ ሳለ ዱራም መስበክ ጀመረ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ተመለሰ፣ ቤቱ እንደገና ሞላ። ስለ ቅድስና የሚያስተምረው ግን ከአዙዛ ትምህርት የተለየ ነበር። ሲሞር ተመልሶ ሲደርስ በሩን በቁልፍ ዘጋበት። በሰው ደጅ ተቆልፎበት የነበረው ሰው፣ አሁን ቆላፊው እሱ ሆነ። ዱራም ሰፋ ያለ አዳራሽ ተከራየ፤ ሕዝቡም ተከትሎት ሄደ። አዙዛ ላይ የቀሩት ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች ነበሩ።

በአገሪቱም እንዲሁ ሆነ። ቻርልስ ሜሰን የሚባል ጥቁር መሪ በ1907 አዙዛ መጥቶ ሳምንታት ቆይቶ ነበር፤ የሚመራት ቤተ ክርስቲያን ነጭ አገልጋዮችንም ትሾም ነበር። በ1914 ግን 300 ያህል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች የሆኑ አገልጋዮች አርካንሳስ ውስጥ ሆት ስፕሪንግስ ላይ ተሰብስበው ለራሳቸው ድርጅት መሠረቱ። ሜሰን ራሱ ተገኝቶ ባርኮ ሸኛቸው ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1915፣ ሲሞር የጉባኤውን መተዳደሪያ ደንብ ጻፈ። ነጮችን እንደ ወንድም እንወዳለን አለ፤ ዋናዎቹን የመሪነት ቦታዎች ግን ጥቁሮች ይያዙ የሚል አንቀጽ አስገባበት። ይህን አንቀጽ ሲያነቡ ሲሞርን የሚወቅሱት አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ሰውየው በሩን ለሁሉ ከፍቶ፣ የገባው ሁሉ ቁልፉን ሲቀማው ዘጠኝ ዓመት አይቷል። አንቀጹ ጥላቻ አይደለም፤ ጠባሳ ነው።

ሲሞር መስከረም 28 ቀን 1922 በ52 ዓመቱ አረፈ። ሚስቱ ጄኒ ጥቂት ምእመናንን ይዛ ቀጠለች። በ1931 ቤቱ ፈረሰ፤ በ1936 እሷም አረፈች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ጴንጤቆስጤያውያንና ካሪዝማቲክ ክርስቲያኖች ከግማሽ ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ያቺ ምንጭ የሆነች ቤት ግን ባዶዋን ቀርታ ፈረሰች። ቦታው አሁን የሎስ አንጀለስ የጃፓኖች ሰፈር ውስጥ ነው፤ ታሪኩን የሚያስታውስ ምልክት ተደርጎበታል።

ውኃው ወደ እኛም ደርሷል። ቶማስ ባራት የሚባል የኖርዌይ ፓስተር በ1906 ኒው ዮርክ ሳለ የአዙዛን ዜና ሰማ፤ የተቀበለውንም ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሳቱ ከኖርዌይ ወደ ስዊድንና ፊንላንድ ተሻገረ። ከእነዚህ አገሮች ደግሞ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ፊንላንዶቹ መርካቶ፣ ስዊድኖቹ አዋሳ ላይ ሠሩ። በእነሱ ዙሪያና ከእነሱም ውጪ የተቀጣጠሉ የኛ ተማሪዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ፤ ሙሉ ወንጌል እንዲህ ተወለደች። እንግዲህ መርካቶ ውስጥ እጁን አንሥቶ የሚጸልይ ወጣት፣ የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ቢቆጥር፣ አንድ ዓይና የባሪያ ልጅ ሣጥን ላይ አጎንብሶ ሲጸልይ ያገኘዋል።

አሜሪካኖቹስ? እነሱ ወደ ራሳቸው ጓዳ ለመመልከት ረጅም ዘመን ፈጀባቸው። በ1948 የሰሜን አሜሪካ ጴንጤቆስጤዎች ኅብረት ሲቆም አባሎቹ የነጭ አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 1994 የነጮቹም የጥቁሮቹም መሪዎች ሜምፊስ ተሰበሰቡ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለባት ከተማ፣ የሜሰን ቤተ ክርስቲያን ዋና መቀመጫም ናት። ጥናት ቀረበ፣ ኑዛዜ ተደረገ። በመሐሉ አንድ ነጭ ፓስተር ውኃ በሳሕንና ፎጣ ይዞ መጣ፤ ከጥቁሩ ጳጳስ ከኢቲኤል ክሌመንስ ፊት ተንበርክኮ፣ ለአባቶቹ በደል ይቅርታ እየለመነ እግራቸውን አጠበ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ።

ለቅሶው ግን ብቻውን ብዙ አይፈይድም ነበር። ያን ስብሰባ የማከብረው በማግስቱ ባደረጉት ነገር ነው፤ አሮጌውን ኅብረት አፈረሱት፣ ሁሉን የሚያቅፍ አዲስ አቆሙ፣ ሊቀ መንበር አድርገውም የመረጡት እኚያኑ እግራቸው የታጠበውን ጳጳስ ነው። እግር አጥቦ ወንበሩን ለራሱ የሚያስቀር ሰው ገና አላጠበም።

የአዙዛ ጉባኤ አግዳሚውን በአንድ ቀን ነው የተጋራው። የከበደው ጋዜጣውን፣ መዝገቡን፣ ቁልፉን፣ ውሳኔውን መጋራት ሆነ፤ የፈረሰውም እዚያ ላይ ነው። ይህን ስናገር አሜሪካኖቹን ብቻ እያማሁ እንዳይመስላችሁ። እኛም ቤት እንግዳ መቀበል እናውቃለን፤ በር ላይ ቆመን እንጨብጣለን፣ ከአምልኮ በኋላ ሻይ እንቀዳለን፣ ስሙን በመድረክ ጠርተን እናስጨበጭብለታለን። ከዚያስ? በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ባሉ የአማርኛ ጉባኤዎች፣ እዚያው ተወልዶ አማርኛው የሚጎረብጠው ወጣት ስንት ዓመት ከኋላ ወንበር ይቀመጣል? አዲስ አበባ ውስጥስ፣ ካምቦሎጆ ዙሪያ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራው እህት፣ አነጋገራቸው ከኛ የተለየው፣ ዘማሪ እንዲሆኑ ቢፈቀድላቸው እንኳ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብና ሕንፃ በሚመከርበት ክፍል ውስጥ ድምፅ አላቸው ወይ? ኮሪደር ድሮ የሚሠራው በሕግ ነበር፤ ዛሬ በቋንቋ፣ በዘመድ፣ በትምህርትና በኪስ ይሠራል። በሩ ገርበብ ማለቱ ኮሪደርነቱን አያስቀረውም።

ሽማግሌዎች የሆናችሁ ወገኖች፣ ስም ዝርዝራችሁን አውጡና እዩት። ሁሉም ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ቋንቋ፣ ከአንድ የዕድሜ እርከን ከሆነ፣ ምእመኑ የቱንም ያህል ቢቀላቀል ቤታችሁ ገና አልተቀላቀለም። ምእመናን የሆናችሁ ደግሞ ከካሽዌል አንድ ነገር ውሰዱ፤ ይህ ገንዘብም ኮሚቴም አይጠይቅም። አንዳችን ለአንዳችን ልጸልይልህ፣ ልጸልይልሽ ማለቱን ለምደነዋል፤ የሚጸልየው ሁልጊዜ ከፍ ያለው፣ የሚጸለይለት ዝቅ ያለው ነው። የፊታችን እሑድ ይህን ገልብጡት። በአነጋገሩም በኑሮውም ከእናንተ የማይገጥም፣ እስከዛሬ ሰላም ብቻ ብላችሁት የምታልፉትን ሰው ፈልጉና ችግራችሁን ነግራችሁ ጸልይልኝ በሉት። ያን ሰዓት አንገታችሁ እምቢ ካለ፣ የት ድረስ እንዳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማደግ የሚጀመረውም ከዚያ ነው።